የካላማዳሪ ዋተር ፖሎ፦ ወንድና ሴት አብረው የሚጫወቱበት ሊግ ደንብ

[ምስል፦ ገንዳው ከላይ ሲታይ። ጥቁር ካላማዳሪ ላይ የተቀመጡ ተጫዋቾች በጀርባቸው እየቀዘፉ ኳስ ይቀባበላሉ።]

የካላማዳሪ ዋተር ፖሎ ነፋስ በተሞላ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ (ካላማዳሪ) ላይ ተቀምጦ ኳስ ወደ ጎል የሚወረወርበት የገንዳ ጨዋታ ነው። አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ መቀመጫ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጀርባ ጎማው ላይ፣ ጉልበት ከፊት ባለው ጠርዝ ላይ። ከበረኛው በቀር ኳስ መንካት የሚፈቀደው እንዲህ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። በሆድ መተኛት የለም፤ እንደ ፈረስ መጋለብ የለም፤ ውሃው ወገብ ድረስ ብቻ ቢሆንም እንኳ ወለል ረግጦ መቆም የለም። ጎበዝ ዋናተኛ እግሩን አስወንጭፎ እንዳያመልጥ፣ ረጅሙም በቁመቱ እንዳይጠቀም የሚያደርገው ይኸው አቀማመጥ ነው። ወንድና ሴት፣ ጀማሪና የለመደ በአንድ ቡድን መጫወት የቻሉትም በእሱ ነው። ስለዚህ ዳኛው ሌላ ነገር ቢያልፍ እንኳ ይህን እንዳያልፍ።

ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ግቢ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሊግ ለገንዳው እንዲመች አድርጎ ደንቡን አስተካክሏል። እዚህ የምናብራራው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለገጣፎም ይሁን ሱሉልታ፣ ቡራዩም ይሁን ሰበታ፣ በሆቴል ወይም በሎጅ ገንዳ ለሚጫወቱ የሚስማማውን ነው።

[ምስል፦ ጎሚስታ ቤት። የተደረደሩ ካላማዳሪዎች።]

ከካላማዳሪው እንጀምር። ለአዋቂ የሚሆነው ባለ 20 ቁጥር የከባድ መኪና ካላማዳሪ ነው፤ 9.00-20 ወይም 10.00-20 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሲሞላ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኢሱዙ ኤንፒአር ባለ 16 ቁጥሩ ለቀጫጭን ሰዎች ይሆን ይሆናል፤ ለብዙዎቹ ግን ቀዳዳው ይጠባል። ዋናው ነገር ከበረኞቹ በቀር ሁሉም አንድ ቁጥር መሆናቸው ነው። አንዱ ከቤቱ ሰፊ ካላማዳሪ ይዞ ከመጣ መንገድ ይዘጋል፣ ጭቅጭቅም ይነሳል። ሊጉ ራሱ ያቅርብ፤ በእረፍት ሰዓትም ቡድኖቹ ካላማዳሪ ይቀያየሩ። በአንድ ቡድን 7 ሰው ከሆነ 14 ያስፈልጋል፣ 2 ደግሞ መጠባበቂያ።

[ምስል፦ አውራ ጣት ካላማዳሪውን ሲጫን፣ በቅርበት።]

ነፋስ ሲሞላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካላማዳሪ የተሠራው ጎማ ውስጥ ሆኖ እንዲታቀፍ ነው፤ ብቻውን ሲሞላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ደካማ የሆነው ጎኑ አብጦ ይፈነዳል። የኮምፕረሰሩን ልክ ማየት እዚህ አይረዳም፤ በእጅ ነው የሚለካው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ወደ ውስጥም ስለሚያብጥ ቀዳዳው ይጠባል፣ ተጫዋቹ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ኳስ ለመወርወር ክንዱን ሲያነሳም ወደኋላ ይገለበጣል። ካነሰ ደግሞ መሐሉ ይታጠፍና ሰውየው ይሰምጣል። በጠዋት ብርድ የተሞላውን ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥቁር ጎማ ቶሎ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለውም አየር ይሰፋል። ቢሾፍቱ ሞልታችሁ ሱሉልታ ብታወጡትም ከፍታው ስለሚጨምር ይበልጥ ይወጠራል። ገንዳው ዳር፣ ጥላ ሥር መሙላት ይሻላል።

የቫልቩ ነገር ቸል አይባልም። የከባድ መኪና ካላማዳሪ ቫልቭ ረጅምና የታጠፈ ብረት ነው፤ ጀርባና ጭን ይቧጭራል። ወደ ታች፣ ወደ ውሃው በኩል አዙራችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጨርቁንም በፕላስተር እሰሩ። አዲስ ካላማዳሪ ከሆነ ነጩን ዱቄት ገንዳ ሳትገቡ በሳሙና እጠቡት፤ አለዚያ ውሃው ይደፈርሳል፣ የገንዳው ባለቤትም ሁለተኛ አያስገባችሁም። ያገለገለ ከገዛችሁ በሙቀት የተለጠፈውን ምረጡ። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ጎማው ሲለጠጥ ከዳር ዳር ይላቀቃል።

[ምስል፦ በገመድ የተከለለ ሜዳ፤ በሁለቱም ጫፍ የፒቪሲ ጎል።]

ሜዳው 20 በ10 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ገንዳው ጠመዝማዛ ከሆነ ቀጥ ያለውን ክፍል በተንሳፋፊ ገመድ ከልሉት። ቦታው ካነሰ የተጫዋቹን ቁጥር ወደ 5 አውርዱት፤ 14 ካላማዳሪ ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጨቅ ኳስ አይንቀሳቀስም። የመደበኛው ዋተር ፖሎ ጎል 3 ሜትር ስፋት አለው፣ ከውሃው በላይም 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ። ለመዝናኛ 2 ሜትር ስፋት ይበቃል። ከፒቪሲ ቱቦ ሥሩት፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ አቁሙት፣ እግሩንም በአሸዋ ጆንያ አስሩት። ሳይታሰር የቀረ ጎል በጠንካራ ምት ተገልብጦ በረኛው ላይ ይወድቃል።

ኳሱ 4 ቁጥር የዋተር ፖሎ ኳስ ይሁን፤ ዙሪያው ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በአንድ እጅም ይያዛል። እሱ ከጠፋ የመረብ ኳስ ይሠራል፤ መጠኑ ተመሳሳይ ነው፣ ሲረጥብ ግን ያሙለጨልጫል። የእግር ኳስ ኳስ ጠንካራ ስለሆነ ፊት ላይ ሲያርፍ ይጎዳል፤ አታስገቡት።

አሁን ወደ ጨዋታው። ውሃ ውስጥ በአንድ ቡድን 7 ተጫዋች፦ አንድ በረኛና 6 ሜዳ ላይ። ከ7ቱ ከ4 በላይ አንድ ጾታ መሆን የለበትም። ሴት ከጎደለች በወንድ አይሞላም፤ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። አንዳንድ ሊጎች የሴት ጎል በ2 ነጥብ ይቆጥራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚያመጣው ግን ሌላ ነው፤ ቡድኑ አንዷን ሴት ጎሉ አጠገብ አቁሞ ቀሪዎቹን ይረሳቸዋል። የተሻለው ይህ ነው፦ አንድ ቡድን ኳስ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ቢያንስ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ካልነኩት ጎሉ አይጸድቅም። ያኔ ሁሉም ኳስ ያገኛል።

በእያንዳንዱ አጋማሽ መጀመሪያ ሁለቱም ቡድኖች በየጎላቸው በኩል ያለውን ግድግዳ ነክተው ይጠብቃሉ። ፊሽካ ሲነፋ ዳኛው ኳሱን መሐል ይጥላል። እዚህ ላይ ግጭት ይበዛል፤ ምክንያቱም ካላማዳሪ ላይ የተቀመጠ ሰው በፍጥነት የሚሄደው ጀርባውን ሰጥቶ ነው፣ የሚሄድበትንም አያይም። ከየቡድኑ 2 ሰው ብቻ ወደ ኳሱ ይቅዘፍ፤ ሌሎቹ ቦታቸውን ይያዙ። የሚቀዝፈውም በየሦስት ቅዝፊያው ዞር ብሎ ይመልከት።

[ምስል፦ ኳስ ጭኗ ላይ የያዘች ተጫዋች። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል።]

ኳስ በአንድም በሁለትም እጅ መያዝ ይቻላል። ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ በጉልበት መሐል መደበቅ፣ ከውሃ ሥር ማስገባት ግን ጥፋት ነው። ተከላካይ በክንድ ርቀት ውስጥ ካለ ኳሱ በ5 ሰከንድ ውስጥ መለቀቅ አለበት፤ ዳኛው ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሰው ካላማዳሪ መያዝ ይችላል፣ ኳሱንም ከእጁ ሊነጥቅ ይችላል። ኳስ ያልያዘን መያዝ፣ ክንድ መጎተት፣ ዐይን ላይ ውሃ መርጨት፣ በእግር ሰውን መግፋት አይፈቀድም። በሌላ አገር ኳስ የያዘን ሰው መገልበጥ የሚፈቅዱ ሊጎች አሉ። እኛ አንመክርም። ያ የሚሆነው ውሃው ከሰው ቁመት ሲበልጥ ነው፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 በሆነ ገንዳ ወደኋላ የተገለበጠ ሰው ጭንቅላቱ ወለሉን ይመታል። ስለዚህ መገልበጥ ሆን ተብሎ ከሆነ አንድ ደቂቃ ከጨዋታ ውጪ፣ ከተደገመ ለአጥፊው የዕለቱ ጨዋታ አበቃ።

በራሱ የወደቀ ሰው ወዲያው ኳሱን ይለቃል፤ ተመልሶ እስኪቀመጥ ኳስም ሰውም አይነካም። መመለሻው ቀላል ነው፦ ለካላማዳሪው ጀርባ መስጠት፣ ሁለቱን ክርኖች ወደኋላ ጠርዙ ላይ ማሳረፍ፣ ጠርዙን ወደ ውሃ መጫንና መቀመጫን ማስገባት። በቀዳዳው ከሥር ሾልኮ መውጣት የሚያምር ይመስላል፤ የሌሎች እግር ስለሚያገኛችሁ ተዉት።

ለቀላል ጥፋት ኳሱ እዚያው ቦታ ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ መጀመሪያ መቀበል አለበት፣ በቀጥታ ወደ ጎል አይወረወርም። ከጎሉ 2 ሜትር ክልል ውስጥ ከበረኛው በቀር ማንም አይገባም። ተከላካይ እዚያ ገብቶ ጎል ካዳነ ፍጹም ቅጣት ምት ከ5 ሜትር ይወረወራል። በረኛው ተንበርክኮም ሊቀመጥ ይችላል፣ ግን ከካላማዳሪው መውረድ አይችልም። ተቀያሪ የሚገባው ጎል ሲቆጠር ወይም በእረፍት ነው። ጨዋታው ሁለት የ15 ደቂቃ አጋማሽ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ሰዓቱ አይቆምም፤ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ብቻ በየፊሽካው ይቆማል። ዳኞች ሁለት፣ በገንዳው ግራና ቀኝ።

[ምስል፦ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት ሲዘጋጁ።]

ካላማዳሪ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት አይደለም። 25 ሜትር መዋኘት የማይችል ጃኬት ይልበስ፤ ከዳኞቹ ሌላም ዋና የሚችል፣ ዐይኑን ከውሃው የማያነሳ አንድ ሰው ዳር ላይ ይኑር። ጎማው ብብትና የጉልበት ጀርባ ስለሚፍቅ ጠበቅ ያለ እጅጌ ያለው ቲሸርት ያስፈልጋል። ቀለበትና ሐብል ይውለቁ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ላይ አትጀምሩ፤ ውሃው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል፣ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰውም እንደሚዋኝ ሰው አይሞቀውም። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ይሻላል።

በክረምት ግን ያው ሰዓት ነው ዝናብ የሚመጣው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወዲያው ይወጣል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ከነበረ ውጤቱ ይጸናል፤ ካልተጀመረ ከዜሮ በሌላ ቀን ይደገማል።