ጠገራ ብሩ ጣቴን አቃጠለኝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ፒያሳ እቤት ቁጭ ብዬ ነው ምቀዳው፣ የመኪና ጡሩምባ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱን ዘግቼ ደሞ አልታፈንም።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ቅዳሜ እማዬ ሳጥኗን ስትበረብር የአያቴ ጠገራ ብር ወጣ፣ ያ ሴትዮዋ ያለችበት፣ 1780 የሚለው። እኔ ሻይ ይዣለሁ፣ እና እንደው ዝም ብዬ ጠርዙን ሻዩ ውስጥ ነከር ሳደርገው ወዲያው ጣቴን ለበለበኝ! ማንኪያው ግን ከቅድም ጀምሮ እዛው ብርጭቆ ውስጥ ተገትሮ እጀታው ለብ ቢል ነው። እሺ ማንኪያው ይረዝማል፣ ግን ርዝመት ብቻ አይደለም።

ሙቀት ማስተላለፍ የሚለካበት ቁጥር አለ፣ ንጹህ ብር 430 ገደማ፣ መዳብ 400፣ አሉሚኒየም 237፣ ብረት 80፣ የማንኪያው ስቴንለስ 15 አካባቢ፣ አስራ አምስት! (በነገራችን ላይ የብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ ስሙ ነው ብረት።)

ነገሩ ኤሌክትሮን ነው። ብረታ ብረት ውስጥ ከአተማቸው ተላቀው የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፣ መብራቱንም ሙቀቱንም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ለዛ ነው ቪደማንና ፍራንዝ የሚባሉ ጀርመኖች በ1853 ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያሳልፍ ሙቀትም በደንብ ያሳልፋል ያሉት። ብር ጋ መንገዱ ክፍት ነው። ንጹህ ብረት ጋ ግን ኤሌክትሮኗ ስትሮጥ ገብታ የምትወሸቅበት ባዶ ቦታ በየመንገዱ አለ፣ ትዘገያለች። ስቴንለስ ይባስ፣ ብረቱ ላይ ክሮሚየም አብዛኛውን ጊዜ ኒኬልም ተቀላቅሎበታል፣ አተሞቹ በመጠንም በጠባይም አይመሳሰሉም፣ መርካቶ በበዓል ዋዜማ ኩንታል ተሸክሞ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለ የሚሮጠውን ወዛደር አስቡት፣ መሬቱ ሁሉ እቃ ተነጥፎበት የት ይደርሳል።

ጠገራውም እኮ ንጹህ አይደለም፣ ብሩ 83 ከመቶ ገደማ ነው፣ የቀረው ባብዛኛው መዳብ። ግን ብርና መዳብ ሲጠነክሩ ብዙም አይዋሃዱም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ሰፈር ይይዛል፣ ስለዚህ መንገዱ ያን ያህል አይዘጋም። ይቺን ሳነብ በጣም ነው የገረመችኝ።

እማዬ ግን "ያያትህን ብር ሻይ ውስጥ?!" ብላ ቀምታኝ በነጠላዋ ጠርጋ መለሰችው። ሻዩን አልደፋሁትም፣ ጠጣሁት።