የሚያቃጥለው ቅባት እና የእኛ እግር፦ ለሯጮች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ! ሰውነታችሁ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ እጨርሳለሁ። ታላቁ ሩጫ እየደረሰ ስለሆነ አሰልጣኛችሁ «ስለ ሕመም ማስታገሻ ቅባት የሆነ ነገር በልልን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ውሎዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ኅዳር ሲገባ ጠያቂው ይበዛል። ገና ከበሩ ነው የሚጀምረው፦ «ዶክተር፣ ያ የሚያቃጥለው ቅባት አለ?»

እስቲ ከዚሁ ከማቃጠሉ እንነሳ። እነዚያ የሚያቃጥሉት ወይም የሚያቀዘቅዙት ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሜንቶል፣ የአስፕሪን ዘመድ የሆነው ሜቲል ሳሊሲሌት ወይም ካፕሳይሲን ነው። ካፕሳይሲን ማለት ሚጥሚጣን ሚጥሚጣ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ቆዳ ላይ ያለውን፣ ሙቀት የሚለይ ነርቭ ይቀሰቅሳል። ሜንቶል ደግሞ ቅዝቃዜ የሚለየውን ነርቭ ይነካና ቆዳችሁ ሳይቀዘቅዝ የቀዘቀዘ ያስመስላችኋል። አእምሯችሁ በዚህ ስሜት ሲያዝ የጡንቻውን ሕመም ለጊዜው ይረሳዋል። ቢበዛ ይህን ነው የሚያደርጉት። የደከመ ጡንቻ አይጠግኑም፣ ስለዚህ «በደንብ እንዲያቃጥለኝ» ብሎ ደራርቦ መቀባት ትርፉ ቆዳን መላጥ ነው።

መላጥ ስል ደግሞ ለማስፈራራት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ቅባቶችና ፕላስተሮች ቆዳ እንደሚያቃጥሉ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እስከዚያ ድረስ 43 ሰዎች ላይ የደረሰ ቃጠሎ ተመዝግቦ ነበር፤ አንዳንዱ ገና አንዴ ተቀብቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ውኃ የቋጠረ፣ ሆስፒታል ያስገባ ቃጠሎ ነው። ከባዶቹ ቃጠሎዎች አብዛኞቹ የደረሱት ሜንቶሉ ከ3 በመቶ፣ ሜቲል ሳሊሲሌቱ ከ10 በመቶ በላይ በሆነባቸው ምርቶች ነው። ይሄ ቁጥር ቱቦው ላይ ይጻፋል፣ አንብቡት።

የእኛ ሰው ልማድ ነገሩን ያብሰዋል። ስቲም ገብቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ ይቀባል፤ ከዚያ በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ያስርና ላዩ ላይ የሞቀ ውኃ የተሞላ ፕላስቲክ ያስቀምጥበታል። ሙቀት የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ይገባል። ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ ቆዳው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ተቀብታችሁ በፋሻ አትሰሩ፣ አታሙቁ። የተላጨ፣ የተቧጨረ፣ የተፋቀ ቦታ ላይም አታስጠጉት። ካበቃችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይን ያሸ ሰው ያውቀዋል። ካፕሳይሲን በውኃ ብቻ አይለቅም፤ መጀመሪያ በዘይት ጠርጉት።

«ላይ ላዩን የሚቀባ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ወደ ደም ይገባል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት የ17 ዓመት ሯጭ ሞታ ሲመረመር ሰውነቷ ውስጥ የተገኘው ከመጠን ያለፈ ሜቲል ሳሊሲሌት ነበር፤ የመጣውም ከጡንቻ ቅባት ነው። እንዲህ ያለ ሞት እጅግ ብርቅ ነው፣ ግን እንደ እናንተ ልምምድ የምትሰራ ልጅ ነበረች። ቤት ውስጥ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሜቲል ሳሊሲሌት ዘይት ከ20 በላይ አስፕሪን ክኒን ያህል ነው። ሽታው ማስቲካ ማስቲካ ይላል፣ ልጅ ይጠጣዋል። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ዓይነት የማያቃጥለው ነው፦ ዲክሎፌናክ ጄል፣ ኬቶፕሮፌን፣ ኢቡፕሮፌን። ሰው «ይሄማ ውኃ ነው» ብሎ ይንቀዋል። እኔ ግን ለወለምታ ወይም ለጡንቻ መሳሳብ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው፤ እብጠቱንና ሕመሙን የሚያመጣውን ኬሚካል ራሱን ነው የሚቀንሰው። በጥናት በደንብ የታየውም እንዲህ ላለ ጉዳት ነው። ከክኒኑ ጋር ሲነጻጸር ደም ውስጥ የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ለጨጓራም ይቀላል። መጠኑ ግን መጠን ነው። የ1 በመቶው ዲክሎፌናክ ጄል ካርቶን ውስጥ መለኪያ ካርድ ካለ አትጣሉት፤ ለጉልበት ወይም ለቁርጭምጭሚት በአንድ ጊዜ 4 ግራም ነው፣ ካርዱ ላይ ሲወጣ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሳምንት ሞልቶት ካልተሻላችሁ ሐኪም ይያችሁ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ጠዋት ዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ፣ ማታ ክኒኑን ውጦ፣ መሐል ላይ ጄሉን የሚቀባ አለ። ያው አንድ መድኃኒት ነው። ኩላሊትና ጨጓራ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። ኬቶፕሮፌን የተቀባችሁ ደግሞ ፀሐይን ፍሩ፤ የተቀባው ቦታ ፀሐይ ካገኘው በጣም ሊቆጣ ይችላል፣ ካቆማችሁ በኋላም ሁለት ሳምንት ሸፈን ማድረግ አለባችሁ። የኅዳርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ እናንተ ደግሞ በቁምጣ ነው የምትሮጡት።

አንዳንዶቻችሁ ሳትጠይቁ አትቀቡ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ካላችሁ ሜቲል ሳሊሲሌት ደማችሁን ከሚፈለገው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል፤ መድማት ያመጣል። አምስት ወርና ከዚያ በላይ የገፋች ነፍሰ ጡር፣ አስፕሪን ወስዶ አስም የተነሳበት ሰው፣ ኩላሊቱን የሚያመው፣ እነዚህም እንዲሁ። ለሐኪማችሁ «መድኃኒት እወስዳለሁ» ስትሉ ቅባቱንም ቁጠሩት።

ከአሜሪካና ከዱባይ ዘመድ የላከውን አትጠቀሙ አልልም፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ይመጣል። ስሙን ትታችሁ ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ፈልጉ። ለቁርጥማት፣ ለወገብ፣ ለሪህ፣ ለሁሉም ተብሎ አውቶቡስ ተራ የሚሸጠውን ጽሑፍ የሌለውን ብልቃጥ ግን እባካችሁ ተዉት።

ለውድድሩ ቀን የምለው አጭር ነው። ሕመም ለመደበቅ ተቀብታችሁ አትሩጡ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ቢያቅታችሁ የተለመደ ነው፣ ያለ ምንም ቅባት ይለቃል፤ ቀስ እያላችሁ መራመድና መተኛት ይበቃል። እግር መሬት ማስረገጥ የከለከለ ሕመም ግን ሌላ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ወይም ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ፋርማሲ አትምጡ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ቱቦ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ አይቻለሁ። እዚሁ ደረጃው ጋ እቆያለሁ፤ ከሰውነት ማላላቱ በኋላ አምጡና አብረን እናንብበው።