«አርፈው ይቀመጡ» አትበሏቸው (በአረጋውያን ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ያደረግኩት ንግግር ሙሉው)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ አባቶቼ! እንኳን ለአረጋውያን ቀን፣ እንኳንም ለግሸን ማርያም አደረሳችሁ። ዓለም ይሄን ቀን ማክበር የጀመረው በ1984 ዓ.ም ነው፣ በኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። እኛ ሽማግሌ ማክበር ከድሮም እናውቅበታለን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ግን ስለዚሁ ስለ አከባበራችን ልናገር ነው፣ አልተመቸኝም።

አዘጋጆቹ ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ስፖርት ተናገሪ ብለውኛል፣ እሺ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴን የሚበላኝን ላውጣው። በዚህ ሳምንት «አርፈው ይቀመጡ» የተባላችሁ እጅ አውጡ ብል የማያወጣ ያለ አይመስለኝም። አባት እንጨት ልፍለጥ ሲል ተው አርፈህ ተቀመጥ፣ እናት ቡና ልቁላ ስትል ሠራተኛ አለች አርፈሽ ተቀመጪ፣ ጥጥ ልፍተል ስትል ዓይንሽን አታድክሚ፣ ለቅሶ ልድረስ ስትል እኛ እንደርሳለን። በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። በፍቅር ግን ሰው ሲደክም እያየሁ ዝም አልልም፣ ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለዝምታ አይደለም።

አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ እኔ «አያ» ነው የምላቸው። ገጠር ሲያርሱ ኖረው ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ልጃቸው እዚህ ከተማ አመጣቸው። አያ በየቀኑ ኪዳን ለማድረስ በእግራቸው ነበር ወደ ማርቆስ ቤተክርስቲያን የሚሄዱት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዘራቸውን ይዘው። ሲሄዱ በሃያ ደቂቃ የሚደርሱበት መንገድ ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ምክንያቱም ልብስ ሰፊው በር ላይ ይቆማሉ፣ ዳቦ የምትሸጠዋ ልጅ ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ ተማሪዎቹ ጉልበታቸውን ስመው ይመረቃሉ፣ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይከራከራሉ፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት ካለ እዛው መንገድ ዳር አስታርቀው ነው የሚያልፉ። ቤት ሲደርሱ ርቧቸው ነው፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ማታ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛሉ። እንዲህ ነበር ኑሯቸው።

አረብ አገር ያለችው ልጃቸው ይሄን ሰማች። አባቴ በዚህ ዕድሜው በጨለማ በእግሩ! ሰው ምን ይለናል! ብላ የባጃጅ ኮንትራት ገንዘብ ላከች። ባጃጇ ከቤታቸው በር ታነሳቸዋለች፣ ከቤተክርስቲያኑ በር ታወርዳቸዋለች፣ ሲያልቅ ትመልሳቸዋለች። አያም ልጃቸውን ላለማስቀየም እሺ አሉ። ልብስ ሰፊው ቀረ፣ ዳቦ ሻጯ ቀረች፣ ተማሪዎቹ ቀሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ጉልበታቸው ተያዘ፣ ከመደብ ለመነሳት ሰው ካልደገፋቸው አይሆንም። አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ከዛ በኋላማ ባጃጇም ቆመች፣ ኪዳኑም ቀረ፣ ምግብ እምቢ አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ሆነ ሥራቸው። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዷቸው፣ እዛ ያለው ባለሙያ እጁን እንኳ ሳያሳርፍባቸው «እርጅና ነው፣ ቤት ይረፉ» ብሎ የህመም ማስታገሻ ጽፎ ሸኛቸው።

እርጅና ነው!! ይሄን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው። እርጅና የምርመራ ውጤት ነው እንዴ? እኔ ሄጄ ዓይናቸውን በባትሪ ሳይ ሁለቱም ነጭ ሆኗል፣ ሞራ ጋርዶታል። ሰውየው የወደቁት ስለማያዩ ነው! ማንም ስላልጠየቃቸው እሳቸውም አልተናገሩም፣ ሲያረጁ እንዲህ ነው መስሏቸው። እናቶቼ አባቶቼ ይሄን ያዙልኝ፣ በአገራችን ሰው ዓይኑን ከሚያጣባቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው ይሄ ሞራ ነው፣ ግን በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨርሱታል፣ አብዛኛው ሰው በዛው ቀን ቤቱ ይገባል። አያም ተሠራላቸው። በነጋታው ፋሻው ሲነሳ የልጅ ልጃቸውን አዩና «ይቺ ልጅ እንዲህ አድጋ ነው እንዴ!» አሉ፣ እናትየዋ አለቀሰች። ከዛ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ እስከ አጥር፣ ቀጥሎ እስከ መንገዱ፣ አሁን ልብስ ሰፊው በር ላይ እንደገና ወንበር አላቸው። የባጃጁ ኮንትራት ተቋርጧል፣ ያስቋረጥኩትም እኔ ነኝ።

እናንተ ኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ስሙኝማ! ጡንቻ ሥራ ሲፈታ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፣ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ደግሞ የሄደው ቶሎ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው፣ በዛ ላይ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጉልበት የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን። አያ እኮ ማንም ሳይመክራቸው ይሄን ሁሉ በኪዳን መንገዳቸው ላይ ይሠሩት ነበር፣ ቀምተናቸው ነው! ብር ላኩ፣ እሰየው፣ ግን ከብሩ ጋር መንገዳቸውን አትቀሟቸው፣ ሥራቸውን አትቀሟቸው፣ ሰዋቸውን አትቀሟቸው!

ይሄ ጎጃም ነው ጎበዝ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው፣ የቅኔ መምህር በስንት ዓመቱ ነው ጡረታ የሚወጣው? ዓይኑ ቢፈዝ እንኳ ተማሪ ከብቦት ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል፣ ይቆጣል፣ አእምሮው እንደ ነቃ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ወርዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ጢማቸው የነጣ አባቶች ኮርቻ ላይ ናቸው። እነሱን አርፈው ይቀመጡ የሚል ደፋር አላየሁም። እኔን ግን በ60 ዓመቴ ሕጉ ጡረታ ሲያወጣኝ በማግስቱ «አሁንማ እረፊ» ያላለኝ ዘመድ የለም፣ እንደምታዩት አላረፍኩም።

ምግቡን ቶሎ ልበለው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባ ለናንተ ጥሩ ናቸው። ጨው ግን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ፣ በርበሬው ውስጥ ያለውም እንደሚቆጠር አትርሱ። አረቄውን ተዉት። ባይጠማችሁም ውሃ ጠጡ፣ በዕድሜ ጥሙ ይደበቃል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ 140 በ90 ና ከዛ በላይ ደጋግሞ ከተገኘ መታየት አለበት፣ ክኒን የጀመራችሁም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ፆም ሲገባ የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪሙንም የነፍስ አባታችሁንም ጠይቁ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት እንዳያልቅባችሁ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ ይሄ አገር ምን ላይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ማታ መብራት ይኑር፣ የሚያደናቅፍ ነገር ይነሳ።

ሰንበቴያችሁን፣ እድራችሁን፣ ማህበራችሁን አትተዉ። ጽዋ ተራ ሲደርስ «እናቴ አትችልም» ብሎ ሌላ የሚልክ ልጅ ካለ ለኔ ንገሩኝ።

አሁን እዛ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ነርሶቹ ግፊት ይለካሉ፣ ዓይንም ያያሉ። ዓይናችሁ የደከመ ቅድሚያ ግቡ፣ ለቀጠሮ ስለሚያስፈልግ የጤና መድን ደብተራችሁን አውጡ፣ ያልያዘ ስሙን ያስመዝግብ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከማርቆስ ቤተክርስቲያን በር ተነስተን በእግር እንሄዳለን፣ በየሳምንቱ ነው። ልጆችም መምጣት ትችላላችሁ፣ ግን ካልጠየቋችሁ ክንዳቸውን አትያዙ።