«ገበጣ» ብሎ የጻፈ ልጅ ምን ያገኛል?

እንደምን አመሻችሁ።

ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬ የሠራችሁትን በላፕቶፕና በስልክ ይዛችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አስተባባሪዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። መምህር አሥራ አምስት ሲሰጡት ሠላሳ እንደሚወስድ ስለሚታወቅ ከፊት የተቀመጠች ተማሪዬ ሰዓት ይዛለች፤ ሲሞላ እጇን ታነሣለች። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ወሬያችን ባሕር እየተሻገረ ስለሚመለስ።

በስልክ ልጀምር። ከእኔ ዘመን ሰው ኖኪያ 3310 በእጁ ያልገባ ጥቂት ነው። በ2000 የወጣ፣ ቢወድቅ ወለሉን እንጂ ራሱን የማይጎዳ ስልክ። ውስጡ አራት ጨዋታ ነበረው። እባቡን የማያስታውስ የለም። ከአራቱ አንዱ ግን «ባንቱሚ» ይባል ነበር። ከፈትኩት፤ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አየሁ፤ አልገባኝም፤ ዘግቼ ወደ እባቤ ተመለስኩ። ወራት አለፉ።

አንድ ምሽት አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ስልኩን ያያል። ጣቴ ስቶ ባንቱሚን ከፍቼ ኖሯል። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና «ይሄማ ገበጣ ነው! አምጣው እስቲ» አለ።

ሰጠሁት። ቁልፉን አሳየሁት። አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ ጠጠሮቹን ዘራ፤ የመጨረሻዋ ጠጠር፣ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ አረፈች። አባቴ እሱን አንሥቶ ሊቀጥል ቁልፉን ይጫናል፤ ስልኩ ተራውን ወስዶ መጫወት ጀምሯል። ሁለተኛም ሞከረ። እንዲያው ሆነ። ስልኩን መለሰልኝ።

«አጭበርባሪ ነው» አለ።

ያኔ ሳቅኩ። ነገሩ የገባኝ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ባንቱሚ የተሠራው ካላህ በሚባለው ሕግ ነው። ካላህን ያወጣው ዊልያም ቻምፒዮን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በ1940፣ ከአፍሪካና ከእስያ ጨዋታዎች ተነሥቶ። እዚያ ሕግ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች በዳር በኩል አንድ ትልቅ ጎተራ አለው፤ የመጨረሻዋ ጠጠር ጎተራው ውስጥ ከገባች ተራ ይደገማል፤ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ተራው ያልፋል። በእኛ አገር በብዙው ገበጣ ጎተራ የለም፤ የተበላው ጠጠር ወደ ጎን ይቀመጣል። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ካገኘች ያንን አንሥቶ መቀጠል ነው፣ ባዶ ላይ እስኪወድቁ ድረስ። አባቴና ስልኩ ሁለቱም ባደጉበት ሕግ ነበር የተጫወቱት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ገበጣ ስንት ወር ኪሴ ውስጥ ሲዞር አላወቅኩትም፤ በማላውቀው ስም ተጠርቶ ነበርና። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

የልጆች ጨዋታ ወደ ማሽን ሲገባ ስሙ ምን እንደሚሆን ስታዩት መንገዱ ብዙ ነው። አንዳንዴ ስሙ ይሄድና ጨዋታው ይቀራል። በ1978 አሜሪካ ውስጥ «ሳይመን» የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ ወጣ። ክብ ነው፤ አራት ባለቀለም ቁልፍ አለው፤ ያበራል፣ ይጮኻል፤ አንተ ቅደም ተከተሉን ይዘህ ትደግማለህ። ከሠሪዎቹ አንዱ ራልፍ ቤር ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ መጫወት እንደሚቻል ቀድመው ካሳዩት ሰዎች ይቆጠራል። ስሙን ያገኘው ከሰፈር ጨዋታ ነው፦ አንድ ልጅ ፊት ቆሞ «ሳይመን እጃችሁን አንሡ ይላል» ሲል ሁሉም ያነሣል፤ «ሳይመን ይላል» ሳይል ካዘዘ ግን ያነሣ ይወጣል። መጫወቻው ውስጥ ይህ ማታለያ የለም፤ የትዝታ ፈተና ብቻ ነው። ሆኖም ማንም ልጅ መመሪያ ሳያነብ ገባው። ማሽኑ ያዛል፣ አንተ ትታዘዛለህ፤ ስሙ ነግሮታል።

አታሪንም ጨምሩበት። በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ ኩባንያ ስሙን የወሰደው ጎ ከሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ ጃፓኖች ጠጠርህ ሊበላ አንድ እርምጃ ሲቀረው «አታሪ» ይላሉ። እንደ ቼሱ «ቼክ» ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጨዋታው ይሄድና ስሙ ይቀራል። በ1980 የወጣውን ፓክማን አስቡት። ስሙ ከአፍ መክፈትና መክደን ድምፅ የመጣ ነው፤ ጃፓኖች «ፓኩ ፓኩ» ይሉታል። ውስጡን ስታዩት ግን አባሮሽ ነው። አራት አባራሪ፣ አንድ ተባራሪ፤ ትልቁን ፍሬ ሲበላ ደግሞ አባራሪዎቹ ዞረው ይሸሻሉ። ልክ እንደ ሰፈሩ፤ «ነካሁህ!» ሲባል አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። ፈጣሪው አባሮሽን እያሰበ ነው የሠራው ማለቴ አይደለም። አባሮሽ ተጫውቶ ያደገ ሰው ግን ማሽኑ ፊት እንደ ቆመ እግሩ ያውቀዋል።

ሦስተኛው መንገድ በጣም የሚገርመኝ ነው፤ ጨዋታው ከአገሩ ወጥቶ፣ ስም ቀይሮ፣ በአዲሱ ስሙ አገሩ የሚመለስበት። ሕንዶች ፓቺሲ የሚባል ጥንታዊ ጨዋታ አላቸው፤ ስሙ «ሃያ አምስት» ከሚለው ቃላቸው ነው፣ በአንድ ውርወራ የሚገኘው ትልቁ ነጥብ ስለሆነ። እንግሊዞች ወሰዱት፣ አቀለሉት፣ በ1896 «ሉዶ» ብለው አስመዘገቡት። ሉዶ በላቲን «እጫወታለሁ» ማለት ነው። ከዚያ በ2016 አንድ የሕንድ ኩባንያ ይህንኑ ወደ ስልክ አመጣው፤ «ሉዶ ኪንግ» ብሎ። በ2020 ሰው በወረርሽኙ ቤቱ ሲዘጋበት ሕንድ በሙሉ ስልኩ ላይ ሉዶ ይጥል ነበር። የአያቶቹን ጨዋታ፣ በሮማውያን ቃል።

ይሄ ሩቅ አገር ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የተወለደችው። ባለፈው ክረምት ስትመጣ አይፎኗን አውጥታ «ጋሼ፣ አንድ ጌም ላስተምርህ» አለችኝ። በመልእክት መላኪያው ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር የሚጫወቱት ነው፤ ስሙ «ማንካላ»። ዐየሁት። ባንቱሚ። «ይሄ እኮ ገበጣ ነው» አልኳት። «ኖ፣ ማንካላ ነው» አለችኝ፤ ጽሑፉን በጣቷ እያሳየች። ጽሑፍ ደግሞ በእሷ ዕድሜ አይዋሽም።

ማንካላ የዓረብኛ ቃል ነው። በዓረብኛ «ነቀለ» ማለት አዛወረ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ወሰደ ማለት ነው። እኛም ነቀለ አለን፤ የእኛው ግን ከሥር መንቀል ነው። ዘመዳሞቹን ጨዋታዎች ሁሉ ተመራማሪዎች በዚህ በዓረብኛው ስም ይጠሯቸዋል፤ የጋናን ኦዋሬ፣ የኡጋንዳን ኦምዌሶ፣ የስዋሂሊ ጠረፍን ባኦ። ለምሁራን አንድ የወል ስም ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። ልጅቷ ግን የወሉን ስም ይዛ የቤቷን አጣች።

ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ ይህን ጠንቅቀው ያወቁ ይመስለኛል። በ2020 ሦስቱ አብረው ጨዋታውን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስመዘገቡ፤ ሲያስመዘግቡ ታዲያ በአንድ ስም አልጠቀለሉትም። ቶግዝኩማላክ፣ ቶጉዝ ኮርጎል፣ ማንጋላ እያሉ የየራሳቸውን አጠራር ጎን ለጎን አስቀመጡት። የፋይሉ ርዕስ ረዘመ እንጂ ማንም አልተጎዳም።

የእኛስ? እኛ ዘንድ የጎደለው ሀብት አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ቀንዱ አገሮች ተመሳሳይ ጨዋታዎች የጻፉት ጥናት አለ፤ ከየቦታው የተሰበሰበ ብዙ ዓይነት አጨዋወት ተመዝግቦበታል። «ላም ወለደች» የሚባል የገበጣ ዓይነት አለ፤ ስሙ ብቻ ይበቃኛል። በሁለት ረድፍ ብቻ ሳይሆን በሦስት ረድፍ የሚጫወቱም አሉ፤ ይህ ደግሞ ከእኛ አካባቢ ውጭ እምብዛም የማይታይ ነው። ሰንጠረዥን፣ የእኛን ቼስ፣ አስቡት። በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ የመጀመሪያው መበላት እስኪመጣ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰው በአንዴ የሚጫወትበትን ነገር ዓለም «ሪል ታይም» ብሎ ስም አወጣለት፤ የእኛ መኳንንት ከዚያ በፊት ሰሌዳ ላይ ሲሯሯጡ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ወረራ ስልክ ላይ የሚሠራ ልጅ ቢገኝ በግሌ ምሳ እጋብዘዋለሁ።

እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው ፊደል ነው። ስልካችሁን አውጡና በላቲን ፊደል ገበጣ ብላችሁ ፈልጉ። እኔ ስሞክር ምግብ ቤት ነው የመጣልኝ። ለምን? ጠ እና ተ በላቲን አንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ ገበጣና ገበታ አንድ ይሆናሉ። ጨዋታ የፈለገ ልጅ ቀይ ወጥ ያገኛል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ መተግበሪያችሁን ስትሰይሙ በግዕዙ ፊደል ሰይሙት። በላቲን ጨምሩ፤ ግን አዶው ሥር የሚታየው ጠ ይሁን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጅ የሚፈልገው ግን በጆሮው የሰማውን ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔው ነው፤ እዚሁ በሰው ፊት ልናዘዝ። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ሦስት ተማሪዎች ገበጣ ሊሠሩ ተነሡ። ሕጉን ከየአያቶቻቸው ጠይቀው መጡ። አንደኛው ከጎጃም፣ ሁለተኛው ከወሎ፣ ሦስተኛዋ ከሸዋ። ሦስቱ ሕግ አልገጠመም። «መምህር፣ ትክክለኛው የትኛው ነው?» አሉኝ። እኔም ኮምፒውተር የማያወላውል ሕግ ይፈልጋል ብዬ «አንዱን ምረጡና ጨርሱ» አልኳቸው። ቀላሉን መረጡ። ጨረሱት፤ ይሠራል። የሁለቱ አያቶች ገበጣ ግን በእኔ ቃል ከጨዋታ ወጣ።

ያን ጊዜ ስለ አባቴ አላሰብኩም። እውነት ነው፣ ማሽን ቁርጥ ያለ ሕግ ይወዳል፤ ቁርጥ ያለ ሕግ ከሰጡት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እነሆ። በ2002 አምስተርዳም ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች አዋሪን፣ ያውም የኦዋሬን ዘመድ፣ ለ144 ፕሮሰሰር ሰጡት። ማሽኖቹ 889,063,398,406 አቀማመጦችን ሁሉ አሰሉ። ውጤቱ? ሁለቱም ያለ ስሕተት ከተጫወቱ አቻ ነው። አለቀ። ለሳይንስ ድንቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ስሰማው ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ሁለት ሰው ገበጣ ሲቀመጥ ከጠጠሩ በፊት የሚደረደረው ክርክር ነው። «እኛ ሰፈር እንዲህ ነው»፣ «እንዲያ ብሎ ነገር የለም»፣ «አያቴን ጥራ»። ብይ ላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ላይ፣ ቆርኪ ላይ ያው ነው። ልጅ ሕግ ማውጣት የሚማረው እዚያ ላይ ነው፤ ስልኩ ሕጉን ቆልፎ ሲሰጠው ይህ ክፍል ይቀራል።

መፍትሔውን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ያቺ ሦስተኛዋ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ሥራውን እንደገና ከፈተችው። አሁን ጨዋታው ሲጀመር ስልኩ «በማን ሕግ?» ብሎ ይጠይቃል። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የሸዋው ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ «የራሳችን» የሚል አለ፤ እሱን ስትነኩ ጎተራ ይኑር አይኑር፣ አንሥቶ መቀጠል ይፈቀድ አይፈቀድ፣ ስንት ጠጠር፣ አንድ በአንድ ትመርጣላችሁ። ሁለቱ ተጫዋቾች ካልተስማሙ ጨዋታው አይጀምርም። ሲሞክሩት ዐይቻቸዋለሁ፤ ግማሹን ጊዜ የሚፈጁት እዚያ ገጽ ላይ ነው፣ እየተጨቃጨቁ።

ስም ላይ አንድ ልጨምር። ቅኔ ጌምስ የሚባለው የአገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» ብሎ ያወጣውን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዶሮ ናት፤ ትሮጣለች፣ ትባረራለች። ለእኛ ግን ኩኩሉ ዓይን ተከድኖ ነው። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» ስሙ አንድ፣ ጨዋታው ሌላ፤ እንደ ሳይመን ማለት ነው። ቅር ይለኛል? አይለኝም። ዶሮም ኩኩሉ ትላለች፣ ስሙ ይገባታል። ይኸው ድርጅት ገበጣንም በስሙ አምጥቶታል፤ ያስመሰግናል። ግን የድብብቆሹ ኩኩሉ ቦታው ክፍት ነው፤ ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ «አልነጋም» የምትለዋ ድምፅ ከየት እንደ መጣች ለይቶ የሚፈለግበት። የጆሮ ማዳመጫ ላለው ልጅ እንዴት ያለ ጨዋታ ይወጣዋል!

ተማሪዬ እጇን አንሥታለች። እንደተባለው አልፌያለሁ።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሥራቸው ተደርድሯል። ከጎኑ ከወይራ የተጠረበ ገበጣም አስቀምጫለሁ፤ የአባቴ ነው። እርሱ አሁን የለም፤ ሕጉን ሙሉ ለሙሉ ሳልጠይቀው ነው የሄደው። አንሥቶ መቀጠሉን አውቃለሁ፤ አራት ጠጠር ሲሞላ ምን ይደረግ እንደነበር ግን ጠፍቶብኛል። ከመካከላችሁ የመንዝ ሰው ካለ እባካችሁ ሳትሄዱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ፈልጉኝ።

አመሰግናለሁ።