ራሱን የቻለ ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀርፀው አራት ኪሎ ከተከራየኋት ክፍል ነው። በመሃል የሥላሴ ደወል ከተሰማችሁ ይቅርታ። መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። 10 ብር። መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት፣ ጣቶቼ ተረፉ። ሻጩ አየት አደረገኝና "ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ስንዴውን እኔ አልዘራው" አለኝ። ሳቅኩ። ሳስበው ግን የሚዘራውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። አጎቴ አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ የስንዴ ገበሬ ነው።

በስንዴ ራሳችንን ቻልን ሲባል ከርሟል አይደል? በ2011 ዓ.ም. ቆላው ላይ፣ አዋሽና ዋቢ ሸበሌ ዳር፣ የበጋ መስኖ ስንዴ ተጀመረ። የካቲት 2015 ላይ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተባለ። ጥር 2016 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሮም ሄደው ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሜዳልያ ተቀበሉ። እኔ በዚህ አልቀልድም። ለስንዴ መግዣ ዶላር ስናፈላልግ የኖርን ሰዎች ነን።

የምታስቀኝ "ራስን መቻል" የምትለዋ ቃል ነች። እኔም እኮ ራሴን ችያለሁ! ከእናቴ ቤት ከወጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ኪራዬን እከፍላለሁ። ሽሮው ግን የእማዬ ነው። በርበሬውም የእማዬ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃት "ልጄ ራሱን ችሏል" ትላለች። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካገኘች ደግሞ "እባክህ ይቺን ፌስታል አድርስልኝ" ትላለች።

የአጎቴ ፌስታል ማዳበሪያ ነው። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በከባድ መኪና ይጓዛል። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ በ2014 ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ የጋዝ ዋጋ ናረና ኢተያ ላይ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ። አጎቴ ዩክሬን የት እንዳለች ያወቀው ያኔ ነው። ነሐሴ 2017 ላይ ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ተገንብቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ፌስታሉ ከውጭ ነው።

ዘሩም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ ለብዙ ዓመት ኩብሳ የሚባል የስንዴ ዝርያ ነበር የሚዘራው። ኩብሳ ራሱ ሥሩ ከሜክሲኮ የምርምር ማሳ ነው። በ2003 ቢጫ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ መጣና ኩብሳን ጠራረገው። ገበሬው ሁሉ ዲጋሉ ወደሚባል ሌላ ዝርያ ዞረ፣ ቢጫ ዋግን ይችል ነበርና። ሦስት ዓመት ደህና ተበላ። 2006 ላይ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ መጣ፣ ዲጋሉም አልቻለውም።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ እዚያ ነበርኩ። ማሳው ከሩቅ ሲታይ የደረሰ ይመስላል። ውስጡ ገብቼ ስወጣ ግራጫ ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። አጎቴ አንድ ዛላ ቀጠፈ፣ በሁለት እጁ አሸት አሸት አድርጎ እፍ አለበት። ገለባው ከነፍሬው በረረ። መዳፉ ላይ የቀረችው ቅንጣት ጭምትርትር ያለች፣ እንደ አሮጊት ጉንጭ የጎደጎደች ነበረች። ምንም አላለም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ዛሬ የሚዘራው ሌላ ዝርያ ነው። አርሲ፣ ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎች አንዱ ዝርያ ሲወድቅ ሌላ ይዘው ለመድረስ ዋግን እየተሽቀዳደሙት ነው። እሱ ሩጫ መቼም አያልቅም። ቻልን ከተባለ በኋላ ለምርምር የሚመደበው ብር ሲያንስ ነው የሚያስፈራኝ። ሜዳልያ ዋግ አያባርርም።

ኢተያና አራት ኪሎ መካከል ስላሉት ደላሎችማ ዛሬ አልጀምርም፣ ቀኑ አይበቃንም።

ማታ እማዬ ደወለች።

"ዳቦ ስንት ገባ?"

"10 ብር። ግን እማዬ፣ ብታያት ልጅ ትመስላለች።"

ዝም አለች። ከኋላዋ የአጎቴ ሳል ይሰማል።

"ከአዲሱ ስንዴ ቆሎ ቆልቼልሃለሁ" አለችኝ። "ነገ በጠዋት መናኸሪያ ወጥተህ ተቀበል። ደግሞ እንዳለፈው ጊዜ እንዳታረፍድ፣ ሹፌሩ ተቆጥቶኛል።"

እና ነገ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለብኝ። ደህና እደሩ።