ስለ ቃርሚያ ልናገር ነው የመጣሁት

የተከበራችሁ የቡሬና የወንበርማ አርሶ አደሮች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ባለማሽኖችና ኦፕሬተር ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ?

ሰብሳቢያችን «በቆሎ ላይ ስለ ኮምባይነር አቅምና ቅልጥፍና ተናገር» ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ እኔን ያመጣኝ የቃርሚያ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አርሲ ስንዴ ሳጭድ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ የመጀመሪያውን ዓመት በስንዴ ሄደር፣ ማሽኑ ፊት ላይ ሰብሉን በሚያጭደው ክፍል፣ እንደመጣሁም ታስታውሳላችሁ። ደላላው «በቆሎም ይበላል» አለ። በላ! አገዳውን ከነቅጠሉ በላ። የበቆሎውን ራስ ደግሞ እየመታ ወረወረው። ስትስቁ ደስ ይላል፤ ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም።

ቀጥሎ ተበድሬ የበቆሎ ሄደር ገዛሁ። አራት መስመር የሚይዝ ነው። አሁን ማን ይችለኛል? አምና ታኅሣሥ ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ ዘፈን ከፍቻለሁ። ክፍያዬ በኩንታል ነው። በፈጠንኩ ቁጥር የእህሉ ታንክ ቶሎ ይሞላል። ወደ ኋላ የሚያይ ማን አለ?

ረፋዱ ላይ ናፍጣ ልቀዳ ወረድኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አሸርጠው ከኋላዬ ይለቅማሉ። አንዱን ማዳበሪያ ሞልተው ሁለተኛውን ጀምረዋል። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ነሃ ልጄ! ለእሱ እያጨድክ ለእኔ ትጥልልኛለህ። እግዜር ይስጥህ፣ ነገም ና» አሉኝ። ባለማሳው አጠገባችን ቆሟል። እሱ አልሳቀም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ገመድ ይዤ 8 ሜትር በ5 ሜትር ለካሁ። 40 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እዚያች ውስጥ የወደቀውን ራስ ቆጠርኩ። ስድስት! አንዱ ደህና ራስ ሩብ ኪሎ ፍሬ ቢይዝ፣ ወደ ሄክታር ስትመቱት አራት ኩንታል ሊሞላ ሩብ ኩንታል ነው የጎደለው። የረገፈውን ፍሬ ሳልጨምር ነው ይሄ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ፍሬ ካያችሁ፣ እሱም ብቻውን በሄክታር 60 ኪሎ ያህል ነው።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፣ የእኔ ነው። ሄደሩ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር ከስር ሁለት ሮለሮች አሉ፣ አገዳውን ወደ ታች ይስባሉ። ከላይ ያሉት ሁለት ብረቶች ራሱን ያስቀሩታል። የብረቶቹ ክፍተት ከሰፋ ቀጭኑ ራስ ቂጡን በሮለሩ ይነከሳል፣ ፍሬው እዚያው ይረግፋል። ፍጥነቱ ሲበዛ ደግሞ ራሱን ወደ ውስጥ የሚጎትቱት ሰንሰለቶች አይደርሱም፤ አገዳው ይገፋል፣ ራሱ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ክፍተቱን አጠበብኩ፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ወረድኩ። ለስንዴ የለመድኩትን የመውቂያውን ድራም ዙርም ቀነስኩ፤ በቆሎን በስንዴ ዙር የወቃ ሰው የተፈረከሰ ፍሬ ነው የሚያገኘው። እኚያ እናት በሦስተኛው ቀን መጥተው «ምነው ታመምክ?» ብለውኛል።

አሁን የሆዴን ልናገር። በኩንታል የምትከፍሉት ታንክ ውስጥ ለገባው ነው። መሬት ላይ የቀረው ኪሳራ የማን ነው? የእናንተ! ደላላው ማሳችሁን ረግጦ አያውቅም። ሞተሩ ሳይነሳ ግን ኮሚሽኑን ኪሱ ከቷል! እኛም ባለማሽኖች ንጹሕ አይደለንም። ለኦፕሬተሩ በኩንታል ጉርሻ እየሰጠን «ቀስ በል» ብንለው ይሰማናል? ዘንድሮ ውላችን ውስጥ አንድ ነገር ይግባ። መጀመሪያ 40 ሜትር ታጭዶ ማሽኑ ይቁም። ገመዱ ይዘርጋ፣ ይቆጠር። ቃርሚያው ከበዛ ማሽኑ ተስተካክሎ ይቀጥል። እምቢ ያለ ኦፕሬተር ማሽኑን ይዞ ይሂድ!

ስለ አቅም ቃል ገብቼ የለ? በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ከሆነ አራት መስመር 3 ሜትር ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በወረቀት በሰዓት አንድ ሄክታር ተኩል ይሆናል። ማሳው 50 በ50 ከሆነ ግን አንዱን ጉዞ በ36 ሴኮንድ ይጨርስና ይዞራል። መዞሩ ግማሽ ደቂቃ ከፈጀ ግማሽ የሚጠጋ ቀናችሁ በመዞር አለቀ ማለት ነው። በክላስተር፣ ማሳ ለማሳ ተያይዛችሁ፣ የዘራችሁ ድንበራችሁን አስማሙና 200 ሜትር በአንድ ጊዜ እንሂድ። መስመሩም 75 ይሁን። በዓይን ግምት የተዘራ መስመር ከሄደሩ ጋር አይገጥምም። ጆንያ አቀባዩም ማሽኑን አያስጠብቅ።

እርጥበቱንም ልጥቀስ። ለማሽኑ በቆሎው 20 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ለጎተራ ግን 13 ይፈልጋል። ማድረቂያ ስለሌለን ማሳው ላይ እናቆየዋለን፤ ያኔ ደግሞ ምስጡና ንፋሱ ይጥሉታል። የወደቀ አገዳ ያለበትን ማሳ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ እዚያ ቀድመን እንገባለን።

ማሽኑ ውጪ ቆሟል። ገመዱ ጋቢናው ውስጥ ነው። ሻይ ከጠጣን በኋላ እዚህ ጎን ያለው ማሳ ላይ አንድ መስመር እንሄዳለን፣ የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ። እማማ መጥተው ከሆነ ደግሞ ከፊት ይቁሙልኝ።