ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፦ ታውን ሴንተሩ ስራ እንዳይፈታ

[ስክሪን፦ ጨዋታው ተከፍቷል። አንድ ታውን ሴንተር (ሰው የሚመረትበት ዋናው ሕንፃ)፣ ሦስት ቪሌጀሮች (ሠራተኞች)፣ ዙሪያው ጥቁር ካርታ።]

ጀማሪ ተጫዋች የተሸነፈው ጦር ሜዳ ላይ ይመስለዋል። ጠላት በፈረስ ሲመጣበት እሱ ገና ዱላ የያዙ እግረኞች ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ጦሬ ደካማ ነበር» ይላል። የተሸነፈው ግን ቀደም ብሎ፣ ካርታው ላይ አንድም ጠላት ሳይታይ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዛሬ የምናየው እነዚያን ስምንት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የምንጫወተው በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውን የመጀመሪያውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ከ1998ቱ ተጨማሪ ክፍል ከራይዝ ኦፍ ሮም ጋር ነው። ግብፅ፣ አሦር፣ ባቢሎን፣ ፋርስ፣ ግሪክ፣ ሮም፣ ካርታጎ ሁሉም አሉበት። አክሱምና ኩሽ አለመኖራቸው ያሳዝናል፤ ኢትዮጵያውያን በዚህ የጌም ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በሁለተኛው ጌም ላይ፣ በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ነው። ወደ ስራችን።

[ስክሪን፦ ከላይ ያለው የሀብት መስመር ጎላ ብሎ ይታያል።]

በተለመደው አጀማመር እጃችሁ ላይ 200 ምግብ፣ 200 እንጨትና 150 ድንጋይ አለ። ወርቅ የለም። አንድ ቪሌጀር 50 ምግብ ያስወጣል፤ ተመርቶ እስኪወጣ በመደበኛው ፍጥነት 20 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ 200ው ምግብ ለአራት ሰው ይበቃል፤ አራቱም ወጥተው የሚያልቁት በአንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌላ 50 ምግብ ገቢ ካልሆነ ታውን ሴንተሩ ስራ ይፈታል። አንድ ቪሌጀር በአንድ ጉዞ የሚሸከመው 10 ብቻ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ አምስት ሸክም መግባት አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ምርቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል በየደቂቃው 150 ምግብ ያስፈልጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ታውን ሴንተር የሚይዘው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ሦስት ይዛችሁ ስለጀመራችሁ አምስተኛው ሰው ያለ ቤት አይወጣም። ስለዚህ ጨዋታው እንደተከፈተ መጀመሪያ ቪሌጀር እዘዙ፣ ቀጥሎ ከሦስቱ አንዱን ቤት አሰሩት። ቤት 30 እንጨት ነው፤ አራት ሰው ይጨምራል። ካርታውን እያሰሳችሁ አስር ሰከንድ ካባከናችሁ ቤቱ አይደርስም፣ ምርቱም ይቆማል።

የቀሩትን ሁለቱን ወደ ፍሬው ቁጥቋጦ ላኳቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከታውን ሴንተሩ ራቅ ብሎ አይገኝም። አጠገቡ ግራነሪ ይስሩ፤ 120 እንጨት ነው። ፍሬና የእርሻ ምርት የሚገባው እዚህ ነው። አንድ ቁጥቋጦ 150 ምግብ አለው።

[ስክሪን፦ ሁለት ግራነሪ ጎን ለጎን። አንዱ ቁጥቋጦውን ሊነካ የደረሰ፣ ሌላው ራቅ ያለ።]

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ጨዋታ የሚበላሸው በዚህ ነውና። በግራ ያለው ግራነሪ ከፍሬው ጋር ተጣብቋል፤ ቪሌጀሩ ዞር ብሎ ያስገባና ይመለሳል። በቀኝ ያለው ራቅ ብሏል። ደርሶ መልሱ አስር ሰከንድ ቢረዝም፣ ሁለት ጉዞ በተጓዘ ቁጥር አንድ ሙሉ ቪሌጀር የሚመረትበት ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል ማለት ነው፤ ስድስት ሰው ሲሆን ደግሞ ስድስት እጥፍ። ከቁጥቋጦዎቹ መሀል አስጠግታችሁ ስሩ፣ ግን ዙሪያውን አትዝጉት፤ መግቢያ ሲጠብ ሰዎቹ እየተጋፉ ይዞራሉ።

ቤቱና ግራነሪው ተሰርተው 50 እንጨት ይቀራችኋል። 30ውን ለሁለተኛው ቤት አውሉት፣ ምክንያቱም በአንድ ደቂቃ ከ40 ላይ ስምንተኛው ሰው ወጥቶ እንደገና ጣሪያ ይነካል። በእጃችሁ 20 ቀረ። ቀጣዩ ሕንፃ፣ ስቶሬጅ ፒት (ማከማቻ)፣ 120 እንጨት ነው፤ ስለዚህ ከሚወጡት ቪሌጀሮች ሁለት ሦስቱ ወዲያው ወደ ጫካ ይሂዱ።

ስቶሬጅ ፒት ሥጋ፣ እንጨት፣ ድንጋይና ወርቅ ይቀበላል። ፍሬ አይቀበልም። ሚዳቋዎቹ ጫካ ዳር ካሉ ሁለቱን የሚያገናኝ ቦታ ፈልጉ፤ አንዱ ፒት አዳኙንም እንጨት ቆራጩንም ያገለግላል፣ 120 እንጨት ተረፈ ማለት ነው።

[ስክሪን፦ ሚዳቋ ወደ ፒቱ ስትሸሽ።]

ስለ አደን። ሚዳቋ 150 ምግብ ናት፤ ስትመታ ከመቺዋ በተቃራኒ ትሸሻለች። ስለዚህ ቪሌጀሩን ዞሮ ከወዲያ ማዶ እንዲመታት አድርጉ፤ ሸሽታ ወደ ፒታችሁ ትመጣለች። ሥጋ ደግሞ ከወደቀበት ደቂቃ ጀምሮ ይበሰብሳል፤ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ይቀንሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሲበልት ብዙው ይባክናል፤ ሦስት አራት ሆነው አንዷን ጨርሰው ወደ ሌላዋ ይሂዱ። ሁለት ሚዳቋ በአንዴ አትግደሉ።

ዝሆን 300 ምግብ አለው፤ ያጓጓል። ግን ይዋጋል፣ ብቻውን የተጠጋ ቪሌጀርም ይሞታል። አምስት ስድስት ሆነው አብረው ይምቱት። አንበሳ ሳትነኩት ራሱ ይመጣል፤ አንበሳ ያለበት ጫካ ሰው ከመላካችሁ በፊት በጋራ ግደሉት።

ወደ ሁለተኛው ዘመን፣ ወደ ቱል ኤጅ፣ ለመሻገር 500 ምግብና ከመጀመሪያው ዘመን ሁለት ሕንፃ ይጠየቃል። ግራነሪና ፒት ይበቃሉ። ባራክስ (የእግረኛ ጦር ሰፈር) ለዚህ አያስፈልግም፤ 125 እንጨት ገና በሁለተኛው ደቂቃ ባራክስ ላይ የሚያፈስ ሰው ከአራት ቤት በላይ የሚሰራ እንጨት ነው የጣለው።

መቼ ይሻገሩ? 22 ቪሌጀር ላይ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። ሂሳቡ ይኸው፦ 19 አዲስ ሰው በ20 ሰከንድ ሲባዛ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሰዎቹ 950 ምግብ፣ መሻገሪያው 500፤ ከመነሻው 200 ሲቀነስ 1250 ምግብ ተሰብስቦ መገኘት አለበት። አምስት ቤት፣ ግራነሪና ፒት ሲደመሩ 390 እንጨት። ድልድሉ በግምት ስድስት ፍሬ ላይ፣ ስምንት ሥጋ ላይ፣ ስምንት እንጨት ላይ። ካርታው ሚዳቋ ከነፈጋችሁ በ18 ቪሌጀር ላይ መሻገር ይሻላል።

[ስክሪን፦ የመሻገሪያው ምልክት ሲጫን፣ ቆጣሪው ሲሄድ።]

መሻገር 120 ሰከንድ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ታውን ሴንተሩ ሰው አያመርትም። የምግብ ወጪ ስለሚቆም ምግብ ይከማቻል፣ እንጨት ግን ያጥራል፦ ባራክስ 125፣ ሲደርሱ ማርኬት 150፣ ስቴብል (የፈረሰኛ ማውጫ) ወይም አርቸሪ ሬንጅ (የቀስተኛ ማውጫ) 150። ድምሩ 425 ነው። ስለዚህ ቆጣሪው እንደጀመረ ከፍሬው ሦስት አራት ሰው ወደ ጫካ አዛውሩ፣ ባራክሱንም በዚያው ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ማርኬትና ስቴብል ሲኖሩ ለሦስተኛው ዘመን፣ ለብሮንዝ ኤጅ፣ የቀረው 800 ምግብ ብቻ ነው። እርሻም የሚከፈተው በማርኬት ነው፤ 75 እንጨት ያስወጣል፣ 250 ምግብ ይሰጣል፣ ሲያልቅ በድሮው ጌም ራሳችሁ እንደገና ታሰሩታላችሁ።

ስራ የፈታ ቪሌጀርን በቁልፍ መፈለግ የተቻለው በ2018 ታድሶ በወጣው እትም፣ በዴፊኒቲቭ ኤዲሽን፣ ነው። በድሮው ላይ ዓይናችሁ ነው ጠባቂው። አንድ ቁጥቋጦ ሲያልቅ፣ አንድ ሕንፃ ሲጠናቀቅ፣ እዚያ ያለውን ሰው ሄዳችሁ እዩት፤ ቆሞ ይሆናል።

በመጨረሻ ያ ያልነካነው 150 ድንጋይ። ተቃዋሚያችሁ ቱል ኤጅ ላይ ቀስተኞች ይዞ እንጨት ቆራጮቻችሁን ሊመታ ይመጣ ይሆናል። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ግራነሪ ላይ ዋች ታወርን (የመጠበቂያ ማማን) በ50 ምግብ አጥንታችሁ በ150ው ድንጋይ አንድ ማማ ጫካው ዳር ማቆም ነው። ሁለተኛው ከባራክስ ወንጭፈኛ ማውጣት ነው፤ አንዱ 40 ምግብና 10 ድንጋይ ነው፣ ቀስተኛን ለመግጠም የተሰራ ነው፣ ድንጋያችሁም እስከ 15 ይደርሳል። እንጨት የምትቆርጡት በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ማማው ይሻላል። በሁለት ቦታ ተበትናችሁ ከሆነ ማማ አንዱን ብቻ ስለሚጠብቅ አምስት ስድስት ወንጭፈኛ አውጡ፣ ከሁለቱ መሀል አቁሟቸው፣ ቀስተኞቹ ሲታዩም ቪሌጀሮቹን ከመምታታቸው በፊት ቀድማችሁ ግጠሟቸው።